የአካን በርጩማ

የአካን በርጩማ (በትዊ ቋንቋ፦ ድዋ) በጋናና በኮት ዲቯር የሚኖሩ የአካን ሕዝቦች ከአንድ ግንድ ጠርበው የሚሠሩት መቀመጫ ነው። በአካን ባህል በርጩማ ተራ የቤት ዕቃ ሳይሆን የባለቤቱ መንፈስ (ሱንሱም) ማደሪያና የሥልጣን ምልክት ነው።

አሠራር

በርጩማው ጠፍጣፋ መሠረት፣ መካከለኛ ምሰሶና ጫፎቹ ወደ ላይ የታጠፉ መቀመጫ አለው። ብዙውን ጊዜ «ሰሰ» ከሚባል ነጣ ያለ እንጨት ይጠረባል። የምሰሶው ቅርጽ የባለቤቱን ማዕረግ ወይም አንድን ምሳሌያዊ አባባል ሊያመለክት ይችላል። በኩማሲ አቅራቢያ ያለችው አህዊያ በጠራቢዎቿ ትታወቃለች።

ባህላዊ ትርጉም

ባለቤቱ ከተነሣ በኋላ ሌላ መንፈስ እንዳይቀመጥበት በርጩማው በጎኑ ይጋደማል። አንድ አለቃ ሲሾም በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ሲሻር ደግሞ ከበርጩማው ወረደ ይባላል። ዘር በእናት በኩል ስለሚቆጠር፣ ዕጩውን አለቃ የምታቀርበው ኦሄማ የምትባለው ሴት መሪ ናት፤ እርሷም የራሷ በርጩማ አላት።

በሥልጣን ላይ እያለ በክብር ያረፈ አለቃ በርጩማው ጥላሸትና የእንቁላል አስኳል ባለበት ቅባት ይጠቁራል። ከዚያ በኋላ በተለየ ቤት ይቀመጣል። በአዳኤ በዓል ለአባቶች መታሰቢያ በጥቁሮቹ በርጩማዎች ፊት ምግብና መጠጥ ይቀርባል።

የወርቅ በርጩማ

ከሁሉም የሚከበረው የአሳንቴ መንግሥት የወርቅ በርጩማ፣ ስካ ድዋ ኮፊ ነው። ኮፊ ዓርብ ቀን ለተወለደ ወንድ የሚሰጥ ስም ነው። በትውፊት መሠረት በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ካህኑ ኦኮምፎ አኖክዬ ከሰማይ አውርዶ በንጉሥ ኦሴ ቱቱ ጭን ላይ አሳረፈው። የመላው ሕዝብ መንፈስ እንደሚያድርበት ስለሚታመን ንጉሡም እንኳ አይቀመጥበትም፤ መሬትም አይነካም።

እ.ኤ.አ. በ1900 የእንግሊዝ አገረ ገዥ ፍሬድሪክ ሆጅሰን በኩማሲ ተገኝቶ ይህ በርጩማ እንዲመጣለትና እንዲቀመጥበት ጠየቀ። ንጉሡ ቀዳማዊ ፕሬምፔ ቀደም ብሎ በ1896 ተይዞ ስለነበር፣ ጦርነቱን የኤጅሱ ኦሄማ ያ አሳንተዋ መራች። አሳንቴዎች ተሸንፈው ያ አሳንተዋ ወደ ሲሼልስ ተጋዘች፤ በ1921ም እዚያው አረፈች። በርጩማው ግን ተደብቆ ስለነበር በእንግሊዞች እጅ አልገባም።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ የመንገድ ሠራተኞች በርጩማውን አግኝተው ጌጦቹን ወሰዱ። አሳንቴዎች ጥፋተኞቹን ሞት ፈረዱባቸው፤ እንግሊዞች ግን ቅጣቱን ወደ ግዞት ለወጡት። የቅኝ ግዛቱ መንግሥትም ከዚያ በኋላ በርጩማውን ለመውሰድ አልሞከረም። በ1935 የአሳንቴ ንግሥና በዳግማዊ ፕሬምፔ ታደሰ።