ኢቲ፦ የኢትዮጵያ የሬዲዮ መጠሪያ

የጥሪ ምልክት የሬዲዮ ማሰራጫ ማንነቱን የሚያሳውቅበት የፊደልና የቁጥር ጥምረት ነው። መነሻ ፊደላቱ ጣቢያው የየት አገር እንደሆነ ይናገራሉ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለኢትዮጵያ ከመደባቸው መነሻዎች ዋናው «ኢቲ» ነው፤ 9ኢ እና 9ኤፍም የእርሷ ናቸው።

ደሴ ላይ ሬዲዮ የከፈተ ሰው ግን ይህን ምልክት አይሰማም። ጣቢያዎቹ የሚታወቁት በስማቸውና በሞገዳቸው ነው፤ አማራ ኤፍ ኤም ደሴ 87.9፣ ፋና ኤፍ ኤም ደሴ 96.0። አድማጭም «87.9 ላይ አድርገው» ይላል፤ ቁጥሩ ስም ሆኗል። ይህም የሚበቃበት ምክንያት አለ። የኤፍ ኤም ሞገድ በአመዛኙ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ተራራ ይጋርደዋል፤ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ወደምትገኘው ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ ላይ ድምፁ ሊቆራረጥ ይችላል። እንዲህ በቅርብ የሚቀር ጣቢያ ከሌላ አገር ጣቢያ ጋር አይምታታም።

አጭር ሞገድ ሌላ ነገር ነው። ከከባቢ አየር የላይኛው ክፍል እየነጠረ አህጉር ስለሚሻገር፣ ሩቅ ያለ አድማጭ ማንን እንደሚሰማ የሚያውቀው ሲነገረው ብቻ ነው። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በየካቲት 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ያስጀመረው ብሥራተ ወንጌል የሬዲዮ ጣቢያ የጥሪ ምልክቱ ኢቲኤልኤፍ ነበር። በሁለት ባለ 100 ኪሎዋት ማሰራጫዎች ወደ አፍሪካና እስያ በብዙ ቋንቋ ያሰራጭ ነበር፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በደርግ ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። የጥሪ ምልክታቸውን ዛሬም በግልጽ ከሚጠሩት መካከል አማተር የሬዲዮ ባለሙያዎች ይገኙበታል፤ በአዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያለው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ይባላል።

ለደሴና ኮምቦልቻ ነዋሪ የ«ኢቲ» መነሻ ቅርቡ ምሳሌ ያለው ኮምቦልቻ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የአውሮፕላን የአገር መለያ የሚመረጠው ከሬዲዮ መነሻዎች በመሆኑ በኢትዮጵያ የተመዘገበ አውሮፕላን ሁሉ ጅራቱ አካባቢ «ኢቲ» ተጽፎበታል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መደበኛ በረራ በሬዲዮ የሚጠራው «ኢትዮጵያን» ተብሎ ከበረራ ቁጥሩ ጋር ነው። ትናንሽ አውሮፕላኖች ግን በጅራታቸው ጽሑፍ ይጠራሉ። ቢ፣ ዲ፣ ኢ እና ቲ በጆሮ ስለሚመሳሰሉ እያንዳንዱ ፊደል በቃል ይተካል፤ ለምሳሌ ኢቲ-ኤኬቢ ቢሆን «ኤኮ ታንጎ አልፋ ኪሎ ብራቮ» ይባላል። ግንኙነቱ ከጸና በኋላ የመጀመሪያውና የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ብቻ ተወስደው «ኤኮ ኪሎ ብራቮ» ሊባል ይችላል። ማሳጠሩን የሚጀምረው የምድሩ ተቆጣጣሪ ነው፤ እርሱ ሳያሳጥር አብራሪው አያሳጥርም፤ በዚያው ሰዓት ተመሳሳይ መጠሪያ ያለው ሌላ አውሮፕላን በአካባቢው ሊኖር ይችላልና።