የጎንደርን የዘር ሐረግ ለሚያጠኑ፦ የድሮ የሕግና የሥራ ቃላት

የጎንደር ከተማና የዙሪያዋ ደጋ የቤተሰብ ታሪክ በሦስት ቦታ ተቀምጧል። አንደኛው የሽማግሌዎች ቃል ነው። ሁለተኛው በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የሰፈረው የመሬት ጽሑፍ ነው። ሦስተኛው የ20ኛው መቶ ዘመን የፍርድ ቤትና የግብር ወረቀት ነው። የፀዳ፣ የአዘዞ፣ የደንቢያ ወይም የወገራ ተወላጅ የአያቱን አያት ፈልጎ ከእነዚህ ወደ አንዱ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚያጋጥሙት ሰዎች ሳይሆኑ ቃላት ናቸው፦ ርስት፣ ጉልት፣ ሪም፣ ፈጅ፣ ዋስ፣ ገበዝ፣ ባልደራስ፣ ከንቲባ። ከእነዚህ ገሚሱ ዛሬ ከአፍ ጠፍቷል። ገሚሱ ደግሞ በየዕለቱ ይነገራል፤ ነገር ግን የሚነገረው በሌላ ትርጉም ነው። አጥኚውን ይበልጥ የሚያሳስተው ይኸኛው ነው።

ዘር መቁጠርና መሬት

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ዘር መቁጠር የኩራት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የመሬት ማስረጃም ነበር። ርስት ማለት ከአንድ የጥንት አባት በመወለድ የሚገኝ መሬት የማረስና ለልጅ የማውረስ መብት ነው። ያ የጥንት አባት አቅኚ አባት ወይም ዋና አባት ይባላል። ርስት የሚጠይቅ ሰው ከአቅኚው አባት እስከ ራሱ ያለውን ትውልድ ሳያቋርጥ ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። አሜሪካዊው ምሁር አለን ሆበን ስለ ጎጃም ደጋ ዳሞት ጽፎ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ይህን አሠራር በዝርዝር ያሳያል። የአቅኚው አባት ልጆች ምንዝር አባት ይባሉ ነበር፤ መሬቱም በእነሱ ስም ይከፋፈል ነበር። የየክፍሉ ተወላጆች ጉዳያቸውን የሚከታተልላቸውና ድርሻ የሚያስከብርላቸው ተጠሪ ነበራቸው፤ እሱም ፈጅ ይባል ነበር። ስለዚህ «ፈጅ ነበር» የተባለ ቅድመ አያት አጥፊ አልነበረም፤ የወገኑ ጠበቃና የዘሩ ቆጠራ አዋቂ ነበር።

ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር። በቆጠራ መካከል የሴት ስም ሲገባ መሬቱ በእሷ በኩል ማለፉን ያመለክታል፤ በዚያ ቦታ የእሷ ስም የባሏን ያህል፣ አንዳንዴም ከባሏ ይበልጥ ይከብዳል። በአንጻሩ መሬት ያልተጠየቀባቸው ወንድሞችና እኅቶች ከቆጠራው በቀላሉ ይወድቃሉ። ቆጠራው ስምን ዘለለ ማለት ሰውየው አልነበረም ማለት አይደለም።

ርስት፣ ጉልት፣ ሪም

ጉልት ከርስት የተለየ ነው። ባለጉልት መሬቱን አያርስም፤ ከአራሾቹ ግብር የመቀበል፣ ብዙ ጊዜም የመዳኘትና የማስተዳደር መብት ከንጉሥ ወይም ከገዥ የተሰጠው ሰው ወይም ቤተ ክርስቲያን ነው። አንድ ማሳ በአንድ ጊዜ የአንዱ ርስትና የሌላው ጉልት ሊሆን ይችል ነበር። በአንድ ቀበሌ መሬት ላይ የሁለት ቤተሰብ ስም ተጽፎ ቢገኝ የግድ ጠብ ወይም ሽያጭ ነበረ ማለት አይደለም፤ ሁለቱ የተለያየ መብት ይዘው ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ሪም ነው። ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ከቆረቆረ በኋላ ነገሥታትና እቴጌዎች አብያተ ክርስቲያናትን እየተከሉ ለካህናቱ መተዳደሪያ መሬት ሰጡ። ቀዳማዊ ኢያሱ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምን የተከሉት በዚህ መልክ ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎት በድርሻ የተሰጠው መሬት ሪም ይባላል። የሪም ባለቤት በመሬቱ ፈንታ የቅዳሴ ወይም የማሕሌት አገልግሎት ነበረበት። ሪም ሲሸጥ፣ ሲለወጥና ሲወረስ ስለ ኖረ የያዘው ሰው ሁሉ ካህን አልነበረም፤ መኳንንትና ሴቶችም ይዘዋል። በኅዳግ ጽሑፍ ላይ «የሥላሴ ሪም አላት» የተባለች ቅድመ አያት የመሬት ባለቤት ነበረች፤ አገልግሎቱን ግን ሌላ ሰው ይፈጽምላት ነበር ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

በሪም መሬት ላይ ሰፍረው ለባለሪሙ ይሠሩ የነበሩት በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን የጎንደርና የጎጃም ጽሑፎች ላይ ዜጋ ይባላሉ። ዜጋ ያን ጊዜ በሰው መሬት ላይ የሚኖር የጉልበት ግዴታ ያለበት ሰው ነው። በብራና ላይ «የእገሌ ዜጋ» ተብሎ የተጻፈን ሰው ዛሬ በምናውቀው ትርጉም መረዳት የቤተሰቡን የኑሮ ደረጃ ፈጽሞ ያዛባል።

ጉልት በሕግ የተሻረው በ1958 ዓ.ም. ነው። ርስትና ጭሰኝነት ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ባደረገው አዋጅ አበቁ። ከዚያ በኋላ የተወለደ ሰው እነዚህን ቃላት በኑሮ ሳይሆን በወሬ ብቻ ነው የሚያውቃቸው።

አንድ የሽያጭ ጽሑፍ ሲነበብ

የጎንደር የመሬት ሽያጭ ጽሑፍ አጭርና በተለመደ ቅርጽ የተሠራ ነው። ቅርጹ ይህን ይመስላል፦ በእገሌ ዘመነ መንግሥት፣ እገሌ አለቃ ሳለ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ወይዘሮ እገሊት የእገሌን መሬት በዚህን ያህል ወቄት ወርቅ ገዛች፤ ዳኛው እገሌ፣ ዋሱ እገሌ፣ እማኞቹ እገሌና እገሌ።

እያንዳንዱ ክፍል ለዘር አጥኚ የሚሰጠው ነገር አለ። የንጉሡና የአለቃው ስም ዘመኑን ያጠብባል። አለቃ እዚህ ላይ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሳይሆን የደብሩ አስተዳዳሪ ነው። ዋጋው በወቄት ወርቅ፣ በጨው አሞሌ ወይም በማርትሬዛ ብር ሊነገር ይችላል፤ ማርትሬዛ ብር መመታት የጀመረው በ1741 እ.ኤ.አ. ስለሆነ በእሱ የተዋዋለ ጽሑፍ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። ዋስ ነገሩ ቢፈርስ የሚጠየቀው ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሻጩ ዘመድ ወይም ጎረቤት ስለሚሆን የቤተሰቡን ዙሪያ ያሳያል። እማኝ ማለት ምስክር ነው። የአንድ ሰው ስም በሻጭነት ባይገኝ በእማኝነት ሊገኝ ስለሚችል የስም ዝርዝሩ እስከ መጨረሻው መነበብ አለበት።

ዘመነ ሉቃስ የተባለው ዓመቱ በወንጌላዊ ስም ሲጠራ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ይካፈላል፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ 1880 ሲደመር 5500፣ 7380 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል ትርፍ የለውም፤ ስለዚህ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ወንጌላዊው በየአራት ዓመቱ ስለሚመለስ ብቻውን ዘመን አይወስንም፤ ከገዥውና ከአለቃው ስም ጋር መያያዝ አለበት።

የሙግት ቃላት

የርስት ክርክር ትውልድን የሚያስቆጥር በመሆኑ የፍርድ ወረቀት ለዘር አጥኚ የበለጸገ ምንጭ ነው። ነገረ ፈጅ በባለጉዳዩ ምትክ ቆሞ የሚከራከር ነው። ወንበር የተባሉት ከዳኛው ጋር ተቀምጠው ፍርድ የሚሰጡ ናቸው። አፈ ንጉሥ በንጉሡ ስም የሚፈርድ ከፍተኛ ዳኛ ነው። ውርርድ ተሟጋቾች ማር ወይም በቅሎ አስይዘው ቃላቸውን የሚያጸኑበት ወግ ነው፤ «በቅሎ ተወራረደ» የሚል ቃል የቁማር ሳይሆን የክርክር ነው። ቁራኛ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም ባለዕዳና አበዳሪ፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ አብረው የሚታሰሩበት ሥርዓት ነበር። አውጫጭኝ ወንጀለኛው ባልታወቀ ጊዜ የአካባቢው ሰው በአንድነት ተሰብስቦ የሚመረመርበት ነው፤ እዚያ ላይ ስሙ የተገኘ ሰው የመንደሩ ነዋሪ መሆኑን እንጂ ተጠርጣሪ መሆኑን አያሳይም።

ኑዛዜ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በነፍስ አባት ፊት ነበር፤ ስለዚህ የሟቹን ነፍስ አባት ደብር ማወቅ ወደ ጽሑፉ ይመራል። ጋብቻውም በስሙ ይለያል። በቁርባን የተጋባ ጋብቻውን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያሰረ ነው። ሰማንያ በሽማግሌና በውል የሚፈጸም ጋብቻ ነው። የደሞዝ ጋብቻ ሴቲቱ በተወሰነ ክፍያ ለተወሰነ ጊዜ የምትኖርበት ስምምነት ነው። የጡት ልጅ የሚባለው በሥርዓት እንደ ልጅ የተቀበሉት ሰው ሲሆን፣ የእንጀራ ልጅ ደግሞ የትዳር ጓደኛ ከሌላ የወለደው ነው። ሁለቱም በቆጠራ ላይ «ልጅ» ተብለው ብቻ ሊገኙ ይችላሉ፤ የሥጋ ልደት ነው ብሎ ከመመዝገብ በፊት መጠየቅ ያሻል።

ሹመትና ሥራ

የሹመት ስም በሁለት መንገድ ያሳስታል፦ ከዘመን ዘመን ይለወጣል፣ ከአገር አገርም ይለያያል። ከንቲባ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የደንቢያ ገዥ ነበር፤ የከተማ አስተዳዳሪ መጠሪያ የሆነው በኋላ ነው። ብላቴን ጌታ በቤተ መንግሥት የብላቴኖች አለቃ ነበር፤ በ20ኛው መቶ ዘመን እንደ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ላሉ ሊቃውንት የተሰጠ ማዕርግ ሆነ። ጸሐፌ ትእዛዝ በጎንደር ዘመን የንጉሡን ዜና መዋዕልና ደብዳቤ የሚጽፍ ነበር፤ በኃይለ ሥላሴ ዘመን ግን የጽሕፈት ሚኒስትር ነው። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ሰብሳቢ ነበር። በጅሮንድ ግምጃ ቤቱን፣ ባልደራስ የንጉሡን ፈረሶች፣ አጋፋሪ የግብዣና የእልፍኝ ሥርዓቱን ይመሩ ነበር። ባላባት በጎንደር አነጋገር የደህና አባት ልጅ ማለት ነው፤ በደቡብ ግን ከምኒልክ ዘመን ወዲህ በመንግሥት የታወቀ የአካባቢ ተወላጅ መሪ ነው።

ፊታውራሪ፣ ቀኝአዝማች፣ ግራዝማችና ደጃዝማች ከሠራዊት አሰላለፍ የመጡ ማዕርጎች ናቸው። በኋላ ዘመን ግን ጦር ሜዳ ላልወጣ ሰውም ተሰጥተዋል። በመንደር ደረጃ የነበረው ጭቃ ሹም ነው፤ ግብር ያስከፍል፣ ትእዛዝ ያስተላልፍ ነበር። በአንዳንድ ቦታ ሹመቱ በባለርስቶች መካከል በተራ ይዞር ነበር፤ ስለዚህ ጭቃ ሹም መሆን ሀብታም መሆንን አያረጋግጥም። አጥቢያ ዳኛ በኃይለ ሥላሴ ዘመን በአዋጅ የተቋቋመ ነው፤ ከዚያ በፊት የኖረ አያት አጥቢያ ዳኛ ነበር ከተባለ ትረካው የኋላ ቃል ተጠቅሟል።

በቤተ ክርስቲያን ገበዝ ንብረት ይጠብቃል፣ መሪጌታ መዘምራኑን ይመራል፣ ደብተራ ክህነት ሳይኖረው በዜማና በማሕሌት የሚያገለግል የተማረ ሰው ነው። ደብተራን ከአስማት ጋር ብቻ ማያያዝ የብዙ አያቶችን ስም ያለ አግባብ አጉድፏል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሹት የእጅ ጥበብ ስሞች ናቸው። ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂና ሸክላ ሠሪ ሥራን ይገልጻሉ፤ ነገር ግን ለስድብ ስለዋሉ ቤተሰቦች ከቆጠራቸው ሰውረዋቸዋል። በጎንደር ዙሪያ፣ በወለቃና በሌሎች መንደሮች፣ ቤተ እስራኤል ርስት ከመያዝ ተከልክለው በብረት፣ በሸክላ፣ በሽመናና በግንብ ሥራ ኖረዋል። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ጉዞዎች እስራኤል የገቡት ዘመዶቻቸው ዛሬ የዘር ሐረጋቸውን ሲያጠናቅሩ ከመሬት ጽሑፍ ይልቅ የመንደር ስምንና የሽማግሌን ቃል የሚከተሉት በዚህ ምክንያት ነው። በጎንደር ከተማ የአዲስ ዓለም ሰፈር ሙስሊም ነጋዴዎችና ሸማኔዎችም እንዲሁ በብራና ኅዳግ ላይ እምብዛም አይገኙም፤ የእነሱ ታሪክ በንግድና በቀረጥ ወረቀት፣ በቤተሰብም ቃል ይፈለጋል።

ስሞችና መዛግብት

በጎንደር ደጋ የቤተሰብ ስም የለም፤ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል። ክርስቲያን ከሆነ የዓለም ስምና የክርስትና ስም አለው፤ የደብሩ ጽሑፍ የክርስትና ስሙን ብቻ ሊይዝ ይችላል። የጦር ሰው ከሆነ ደግሞ የፈረስ ስም ይጨመርበታል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው መባላቸው ከዚህ ነው። አንድ ሰው በሦስት ስም እንደ ሦስት ሰው እንዳይቆጠር ስሞቹ በአንድ ላይ መመዝገብ አለባቸው።

መዛግብቱ ብዙ ጉዳት አይተዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያጠፉ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍት ወደ መቅደላ ወሰዱ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከ300 በላይ ብራናዎች ወደ ለንደን አጋዘ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን ድርቡሾች ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ። ስለዚህ የአንዳንድ የጎንደር ደብር የመሬት ጽሑፍ ዛሬ የሚገኘው በእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። የጎንደር አጥኚም ከደብር ወደ ደብር፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት መሄድ ግድ ይለዋል። ለቃላቱ ፍቺ የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» ለሹመትና ለግብር፣ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ለአማርኛው፣ የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ለግዕዙ ይጠቅማሉ።

ለጀማሪ የሚበጀው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ የቤቱን አዛውንት ቃል፣ የተናገሩትን ቃል ሳይለውጡ፣ በድምፅ መቅዳት። ቀጥሎ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዶ ጽሑፉን ፎቶ ማንሣትና እንዳለ መገልበጥ። ከዚያ ለእያንዳንዱ የድሮ ቃል በየት፣ በማን ዘመን፣ በማን እጅ ተጻፈ ብሎ መጠየቅ። ፍቺ የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። ርስትና ሪም በኑሮ የነበሩበትን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬ በዕድሜ የገፉ ናቸውና፣ ብራናው ቢቆይ እንኳ እነሱን መጠየቅ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።