ቄጠማ በሾላ ጥላ

ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለቡናም ቄጠማ እንጎዘጉዛለን። በቀዳም ሥዑር ቄሶች ያድሉናል፤ በራሳችን ላይ እናስረዋለን። ታዲያ በዓል ሲደርስ ሁላችንም ወደ ምንጩ እንሮጣለን። አንዳንዱ ያጭዳል፤ አንዳንዱ ከነሥሩ ይነቅላል። የተነቀለው አይመለስም። የምንጩንም ዳር ጎርፍ ይበላዋል።

ለምን በጓሯችን አንተክለውም? ግንዱን በጣት ዳብሱት፤ የብዙው ቄጠማ ግንድ 3 ጠርዝ አለው። ክረምት ሲገባ ከጥቅጥቁ መሃል አንድ ጭብጥ ብቻ ከነሥሩ ውሰዱ። ሾላ ወይም ዋንዛ ሥር፣ ርጥበት ከማይለየው ቦታ ትከሉት። ሳሳ ያለ ጥላ ይስማማዋል፤ ድቅድቅ ጥላ ግን ያቀጭጨዋል። ባሕር ዛፍ ሥርማ አይሆንም፤ ውሃውን ይሻማዋል።

ሲደርስ ከመሬት 4 ጣት ያህል አስቀርታችሁ እጨዱት። እንደገና ያቆጠቁጣል።