የሕፃን ልብ አየር ሲያጥረው

በከባድ የሳንባ ምች የተያዘ የሦስት ወር ሕፃን ተነፈሰ ከማለት ታገለ ማለት ይቀላል። በየትንፋሹ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ አፍንጫው ይነፋፋል፤ ከአልጋው አጠገብ ያለው ሞኒተር የልብ ምቱን በደቂቃ 180 ያሳያል። ትንሽ ቆይቶ ቁጥሩ 140፣ 100፣ 70 እያለ ሲወርድ የማያውቅ ሰው «ተመስገን፣ ረጋ አለ» ይል ይሆናል። ነርሷ የምትሮጠው ግን ያን ጊዜ ነው።

ልብ ለመምታት የአንጎልን ትእዛዝ አይጠብቅም። አርተር ኪት እና ማርቲን ፍላክ በ1907 እ.ኤ.አ. በልብ የላይኛው ቀኝ ክፍል ያገኟት ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ ምቱን ራሷ ታመነጫለች። ኤሌክትሪኩ የሚፈጠረው ሶዲየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየም በሕዋሱ ሽፋን በኩል ሲገቡና ሲወጡ ነው። የገባውን አስወጥቶ የወጣውን የሚመልሰው ፓምፕ ደግሞ ያለ ኤቲፒ፣ ማለትም ያለ ሕዋሱ ነዳጅ፣ አይሠራም፤ ልብ ኤቲፒውን ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚያመርተው በኦክስጅን ነው። ስንቅ የለውም፤ ያለው ለሰከንዶች ብቻ ይበቃዋል።

ኦክስጅን ሲያንስ ልብ መጀመሪያ ይፈጥናል። አንገት ላይ፣ ወደ አንጎል የሚወጣው ደም ቅዳ በሚከፈልበት ቦታ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል አካል እጥረቱን ታነባለች፤ ሕፃኑም ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ደክሞት ትንፋሹ ሲቆም ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያችው አካል ከአንጎል ወደ ልብ በሚወርደው በቫገስ ነርቭ በኩል ልቡን ታዘገየዋለች። ባሕር ውስጥ ለሚጠልቁ እንስሳት ይህ ኦክስጅን የሚቆጥብ ጥበብ ነው፤ ለታመመ ሕፃን ግን መከራ ነው።

በሕዋሱ ውስጥ ያለው ደግሞ የባሰ ነው። ኤቲፒ ሲያልቅ ከእሱ መፍረስ የሚተርፈው አዴኖሲን ይጠራቀማል፤ እሱም ምት አመንጪዎቹን ያዘገያል፣ ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው የሚወርደውንም ምልክት ይይዘዋል። ጃፓናዊው አኪኖሪ ኖማ በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው፣ ኤቲፒ ሲሟጠጥ የሚከፈት የፖታሲየም በርም አለ። እሱ ሲከፈት የእያንዳንዱ ምት ኤሌክትሪክ ያጥራል፣ የሚገባው ካልሲየም ይቀንሳል፣ ጡንቻው አቅም ያጣል። ዝግመቱ የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው የኢሲጂ ወረቀት ላይ ይነበባል፦ በምቶቹ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፤ የላይኛውን ክፍል የምታሳየው ትንሽ ጉብታ ልትጠፋ ትችላለች፤ ቀጭኑ ሹል መስመር ይሰፋል፤ ካልተደረሰለት መጨረሻው ጠፍጣፋ መስመር ነው።

አዋቂ ላይ ድንገተኛ የልብ መቆም አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ከልቡ ሕመም ይነሳል፤ ልቡ በተዘበራረቀ ኤሌክትሪክ ይርገፈገፋል፤ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጠውም ለዚያ ነው። የሕፃን ልብ ግን ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው አየር ነው። በዚያ ላይ በአንድ ምት የሚረጨውን ደም እንደ ልቡ መጨመር ስለማይችል፣ ምቱ በግማሽ ሲቀንስ ለሰውነቱ የሚደርሰውም ደም በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ልቡ ራሱ የሚያገኘው ኦክስጅንም ያንሳል፤ ይብሱኑ ይዘገያል።

ፊልም የለመደ ዘመድ «ለምን በኤሌክትሪክ አይመቱትም?» ብሎ ቢቆጣ አይፈረድበትም። የነርሷ እጅ ግን አስቀድሞ የሚሄደው ወደ አየር መስጫው ከረጢትና ጭምብል ነው። ጭምብሉን አፍና አፍንጫው ላይ ገጥማ ከረጢቱን ስትጨምቅ ዓይኗ ደረቱ ላይ ነው፤ ከፍ ካላለ አየሩ አልገባም ማለት ነው፣ አንገቱን ታስተካክላለች። አየር በደንብ እየገባም ምቱ ከ60 በታች ከሆነና የደም ዝውውሩ ከተዳከመ ደረቱን መጫን ይጀመራል። በጊዜ ከተደረሰ ግን፣ ጣቱ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ ገና ዝቅተኛ ቁጥር እያሳየ የልብ ምቱ መውጣት ሊጀምር ይችላል፤ መለኪያው ኦክስጅን ያገኘው ደም ጣት ድረስ እስኪመጣ መጠበቅ አለበት።