ውኃ ለሚተኛበት መሬት የትኛው ሳር?

ክረምት ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ የሱሉልታ ሜዳ ሳር ይታጨዳል፤ ድርቆሽ ሆኖም ወደ አዲስ አበባና አካባቢዋ የወተት ላሞች በረት ይጫናል። ሜዳው በሐምሌና በነሐሴ ውኃ የሚተኛበት ነው። ለእህል የማይመቸው ረግረግ ለባለቤቶቹ ገንዘብ ያስገኘው ውኃውን ችለው የሚከርሙ ሳሮችና ማገጥ ስለሚበቅሉበት ነው። ዛሬ ግን ከሜዳው ብዙውን ቤትና ፋብሪካ በልቶታል፤ የወተት አምራቹም መኖውን ራሱ እንዲያለማ ይመከራል። ምክሩ ትክክል ነው። ችግሩ ሳር በሚመረጥበት ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፦ በሄክታር ስንት ቶን ይሰጣል?

ይህ ጥያቄ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያከስር ብራዚል አይታዋለች። የአገሪቱ የግብርና ምርምር ድርጅት ኤምብራፓ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ማራንዱ የተባለውን የብራኪያሪያ ሳር ዝርያ ለከብት አርቢዎች አቀረበ። መነሻው አፍሪካ፣ ዚምባብዌ ነው። የቀድሞዎቹን ዝርያዎች ያጠቃ የነበረውን ተባይ ስለተቋቋመ፣ ዘሩም ገበያ ላይ እንደልብ ስለተገኘ በአስር ሚሊዮኖች በሚቆጠር ሄክታር ላይ ተዘራ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ግን ዝናብ በሚበዛበት የአማዞን አካባቢ፣ ውኃ በማያሰርግ መሬት ላይ ያለው ሳር በቦታ በቦታው እየጠወለገ ይሞት ጀመር። ዋናው ሰበብ ውኃ የጠገበው አፈር ነበር፤ የተዳከመውን ሥር ደግሞ የአፈር ሻጋታ ጨረሰው። ኪሳራው በሞተው ሳር አላበቃም። እንደገና ማረስ፣ ሌላ ዘር መግዛት፣ አዲሱ እስኪደርስ ከብቱን የሚያቆዩበት ግጦሽ መፈለግ አለ። ይህ ሁሉ ወጪ ማራንዱ ሲዘራ በነበረው ስሌት ውስጥ አልነበረም።

ሥር ይተነፍሳል። ኦክስጅን ደግሞ በውኃ ውስጥ የሚዘዋወረው በአየር ውስጥ ከሚዘዋወርበት 10 ሺህ ጊዜ ያህል ዝግ ብሎ ነው። የአፈሩ ቀዳዳዎች በውኃ ሲሞሉ ሥሩ ይታፈናል፤ ውኃ የሚችሉት ሳሮች ይህን የሚያልፉት በተለያየ ዘዴ ነው። አንዳንዶቹ በሥራቸው ውስጥ የአየር መተላለፊያ ይከፍቱና ኦክስጅን ከቅጠል ወደ ታች ያወርዳሉ። የማራንዱ ዘመድ የሆነው ሁሚዲኮላ በዚህ ይበልጠዋል። ፓራ ሳር ግንዱ ክፍት ነው፤ ከየአንጓው ሥር እያወጣ ውኃ ላይ ይሳባል። ሌሎች ከውኃው በላይ ለመውጣት ቶሎ ይረዝማሉ፤ ገሚሶቹ ደግሞ እድገታቸውን አቁመው ጉልበታቸውን ይቆጥባሉ። እዚህ ላይ ሒሳብ አለ። የሚረዝመው ጥልቀት ለሌለውና ለረጅም ጊዜ ለሚቆይ ውኃ ይሆናል፤ የሚቆጥበው ቶሎ መጥቶ ቶሎ ለሚሄድ ጎርፍ። ቦታቸው ከተለዋወጠ ሁለቱም ይከስራሉ።

ሁሉን ቻይ ሳር የለም ማለት ነው። የዝሆን ሳር ጥልቅ ሥሩ በበጋ ይጠቅመዋል፤ ውኃ ለረጅም ጊዜ ሲተኛበት ግን ይጎዳል። ሮደስ ሳር ጨውን በቅጠሉ እያስወጣ ጨዋማ አፈር ላይ ይቆያል፤ እንደ አሚባራ ባሉ በመስኖ ጨው በወጣባቸው የአዋሽ ተፋሰስ መሬቶች ሊታሰብ የሚገባውም ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ሲረጥብ የሚጨቀይ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ መረሬ መሬት ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ስለዚህ ውኃ የሚችል ሳር ለእኛ ቅንጦት አይደለም። የዘር ሀብቱም አለ፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የመኖ ዘር ባንክ ወደ 19 ሺህ የሚጠጉ ናሙናዎች ይዟል። የጎደለው በባንኩና በገበሬው መካከል ያለው ነጋዴ ነው። እንደ ፓራና ደሾ ያሉ ሳሮች በአብዛኛው የሚተከሉት በግንጣይና በቁራጭ ነው። ግንጣይ አንዴ የገዛ ገበሬ ሁለተኛ አይገዛም፤ ጎረቤቱም ከእሱ ወስዶ ይተክላል። ለአገር ይህ ትርፍ ነው፤ ለዘር ነጋዴ ግን ኪሳራ በመሆኑ ማንም አይገባበትም። ነጋዴውን መውቀስ ዋጋ የለውም። ገበያ በማይሠራበት ቦታ የማባዛቱን ወጪ የመንግሥት ችግኝ ጣቢያዎችና የወተት ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች መሸፈን አለባቸው፤ በዩኒየኖቹ በኩል ገንዘቡ በወተት ተመልሶ ይመጣል።

ጥንቃቄም ይሻል። ፓራ ሳር በሰሜን አውስትራሊያ ረግረጎች መጤ አረም ሆኖ አገር በቀሉን ዕፅዋት አፍኗል። ጣና ላይ እምቦጭ ያደረሰውን ያየ አገር ይህን ሳር ሐይቅ ዳር ለመትከል መቸኮል የለበትም፤ በየጊዜው የሚታጨድበት፣ አጥር ያለው ማሳ ይበቃዋል።

መኖ ለማልማት ያሰባችሁ አንባብያን፣ በመጪው ክረምት ማሳችሁ ላይ ምልክት ያለው እንጨት ትከሉ። ውኃው ምን ያህል ከፍ እንደሚልና ስንት ቀን እንደሚተኛ መዝግቡ፤ ግንጣይም ሆነ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ለግብርና ባለሙያው መጀመሪያ የምታሳዩት ያንን ይሁን።