ደባርቅ ምን የሚጻፍ አለ?

ደባርቅና ዳባት ውስጥ ግጥምና ልብ ወለድ የሚሞካክሩ ወጣቶችን «የዕለት ማስታወሻ ትይዛላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ የሚመልሱልኝ በጥያቄ ነው፦ «እዚህ ደግሞ ምን የሚጻፍ አለ?» ጠዋት ጉም፣ ቀን ገብስና በቅሎ፣ ማታ ደግሞ ጉም። ማስታወሻ መያዝ ብዙ አገር የዞረ ሰው ነገር ነው ማለታቸው ነው። ስለ ማስታወሻ ከሰማኋቸው ተረቶች ሁሉ ጎጂው ይኸ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልየው።

ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲገባ ሳንካበር የሚባል ቦታ አለ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሮቢን ደንባር የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ እዚያ ሰፍሮ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲያይ ይውል ነበር። የትኛዋ የትኛዋን ቀመለች? ስንት ደቂቃ? ማን ከማን ራቀ? እረኛው በየቀኑ የሚያየውን፣ ለወሬ እንኳ የማይበቃውን ነገር ሰውየው ይመዘግብ ነበር። በ1992 አንድ ሰው በቅጡ ሊያውቃቸው የሚችላቸው ሰዎች 150 ገደማ ናቸው የሚል ሐሳብ አመጣ፤ በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ የሰው ልጅ ወሬና ሐሜት የመቃመል ምትክ ነው ብሎ ተከራከረ። 150 የምትለዋ ቁጥር እስካሁን ታጨቃጭቃለች፤ ሐሳቡም ከጭላዳ ብቻ አልተቀዳም። ቢሆንም ማን ማንን ይቀምላል የሚለው ጥያቄ ከሃያ ዓመት በላይ አብሮት ከርሟል። ቡና ላይ ስንተማማ የኖርነው እኛ፣ ጭላዳውም የእኛው፤ ሐሳቡ ግን የጻፈው ሰው ሆነ።

«ባለቅኔ ደብተር አይዝም፤ ተሰጥኦ ካለ ራሱ ይመጣል።» ይኸኛው ተረት ግማሹ እውነት ስለሆነ የበለጠ ያሳስታል። የቅኔ ተማሪ በወረቀት አይቀኝም፣ ልክ ነው። ውሎውን ግን ተመልከቱ። ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም አጥር ጥግ ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል። የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያርሙታል፣ አንዳንዴም ጨርሰው ያፈርሱበታል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ካለው መወድስ የሚደርሰው እንዲህ እየፈረሰበት ነው፤ የትናንቱን ዛሬ መልሶ ማቅረብማ አይታሰብም። ተሰጥኦ እስኪመጣለት እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ሰው ቅኔ ቤት ውስጥ አላየሁም። ደግሞም ተማሪው የሚያርሙት መምህር፣ ጥሩዋን ቅኔ በቃሉ የሚይዝለት ባልንጀራ አለው። አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን የሚጽፍ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ሁለቱም የሉትም። የሱ ባልንጀራ ደብተሩ ነው።

«ዋናው ነገር ከጭንቅላቴ አይጠፋም» ለሚለኝ ሰው የዳርዊንን ልማድ እነግረዋለሁ። ከራሱ ሐሳብ ጋር የሚጋጭ ነገር ሲገጥመው ሳያድር ይጽፈው ነበር፤ የሚስማማው ሳይጻፍም ይታወሳል፣ የሚጋጨው ግን ቶሎ ይረሳል ብሎ። ትዝታ ለባለቤቱ ያደላል።

«አንድ ቀን ከዘለልኩማ አለቀ» የሚሉም አሉ። ለንደን ውስጥ አዲስ ልማድ የጀመሩ 96 ሰዎችን የተከታተለ፣ በ2010 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ልማዱ እስኪሰርጽ አማካዩ 66 ቀን መሆኑን ገመተ፤ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የተጠናው አበላል፣ አጠጣጥና እንቅስቃሴ እንጂ ጽሕፈት አይደለም። ቢሆንም በዓል መጣ፣ መብራት ጠፋ ብሎ ደብተሩን እርግፍ አድርጎ ለሚተው ሰው ትንሽ ማጽናኛ አያጣም።

የቀረው «ቋንቋው ካላማረ ምን ዋጋ አለው?» የሚለው ነው። እንዲህ ለሚሉኝ የራሴን አንድ ገጽ አሳያቸዋለሁ። ደባርቅ ገበያ ቆሜ ስለጻፍኩት ፊደሉ ተጣሟል። «ሴትዮዋ ገብስ ሰፈረች። ቁናው ጢም አለ። ገዢው፦ ምራቂውስ እናቴ? እፍኝ ጨመረችለት። ጨምራ ስታበቃ አንድ ፍሬ መልሳ ወሰደችና አፏ ውስጥ ጣለች።» ሌላ ምንም የለውም።

ይኸን ከጻፍኩ ዓመት አልፎታል። እስካሁን ግጥምም ልብ ወለድም አልወጣውም፤ ያቺን አንድ ፍሬ ለምን እንደወሰደች ግን እየቆየ ይመላለስብኛል። ቆጥባ ነው? ቀምሳ ነው? ወይስ የሰጠችው ሁሉ ከእጇ እንዳይወጣ የምታምነው ነገር አለ? ሦስተኛው መልስ አማልሎኝ ታሪክ ልጀምርበት ነበር። በቀደም ዳባት ገበያ ሌላ ገብስ ሻጭ አጠገብ ቆሜ አየሁ። ሰፈረች፣ ምራቂ ሰጠች፣ እጇን በነጠላዋ ጠረገች። መልሳ የወሰደችው የለም። እሱንም ከሥሩ ጻፍኩት።