ያውቁ ኖሯል? አረንጓዴ ንፍጥ የአንቲባዮቲክ ማዘዣ አይደለም

ጉንፋን ይዞን ንፍጡ ወፍሮ አረንጓዴ ሲሆን ብዙዎቻችን «ሳይነሴ ተነሳ» ብለን አሞክሳሲሊን ፍለጋ ፋርማሲ እንገባለን። ቀለሙ ግን ከራሳችን ነጭ የደም ሴሎች ነው የሚመጣው፤ በውስጣቸው ብረት ያዘለ አረንጓዴ ኤንዛይም አለ። ቫይረስም ቢሆን ያን ቀለም ያመጣል።

በአዋቂዎች ላይ ከ100 የቫይረስ ጉንፋን ወደ ባክቴሪያ ሳይነስ የሚዞረው ቢበዛ 2 ገደማ ነው። አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካም፤ ትርፉ ተቅማጥና መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ነው።

ታዲያ መቼ ያስፈልጋል? ሐኪም ከቀለሙ ይልቅ ቀኑን ይቆጥራል። 10 ቀን ሞልቶ ምንም ካልተሻለ፤ ተሽሎት የነበረ ሰው በ5ኛው ወይም በ6ኛው ቀን ትኩሳቱና ራስ ምታቱ ካገረሸበት (ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይሄኛውን ነው)፤ ወይም ገና ከጅምሩ 39 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ መግል ከመሰለ ንፍጥ ወይም ከፊት ሕመም ጋር፣ ለ3 ወይም 4 ቀን ከዘለቀ።

እስከዚያው ፓራሲታሞልና የጨው ውሃ ይበቃሉ፦ በሩብ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ አፍንጫን ማጠብ። ውሃው ግን የግድ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። አፍንጫ የሚከፍተው ስፕሬይ ከ3 ቀን ካለፈ መልሶ ራሱ ያፍናል። የባሕር ዛፍ እንፋሎት ለጊዜው ያቀልላል፤ ሕፃን ግን ከድስቱ ይራቅ።

የዓይን ዙሪያ ካበጠ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም አንገት አልታጠፍ ካለ ቀን መቁጠር የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።